ቁልፏ እህቴ ዘንድ ያለ ከተማ

እናቴ ከሐይቅ ስትደውል ሁልጊዜ የምትጀምረው ከጎረቤት ነው፤ ማን ዳረ፣ ማን ወለደ፣ የማን ላም ጠፋች። ባለፈው መስከረም ግን ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባች። «ሐኪሙ ዓይኔን አየው» አለች። «የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም አለኝ። ዘሃራን ሳላያት እንዳይጨልምብኝ። ሂድና አምጣልኝ። አንዴ ከመጣች ደግሞ አልለቃትም።»

ዘሃራ ታላቅ እህቴ ናት። ወደዚህ፣ ወደ ሶማሌ አገር የተሻገረችውም ከእኔ በፊት ነው። በርበራ ወደብ ሰው ቤት ምግብ ስትሠራ አንድ ዓሣ አጥማጅ አገባትና ከበርበራ በስተ ምዕራብ፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ወዳለች ትንሽ የገጠር ወረዳ ይዟት ሄደ። ባሏ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እኔ ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ አንድ ብየዳ ቤት የብረት በር እሠራለሁ። መንገዱ ክፉ ነው እያለች እሷ ናት አልፎ አልፎ እኔ ዘንድ ብቅ የምትለው። ወደ ሐይቅ እንሂድ ስላት ግን በክረምት «ሥራ አለብኝ»፣ በበጋ «ሰው ይመጣብኛል» ትላለች። ምን ሥራ? የምን ሰው? እኔና እናቴ የተስማማንበት ነገር ቢኖር፣ ልጅቱ በሰው አገር ብቻዋን ቀርታ ችግሯን ትደብቀናለች የሚለው ነበር።

ይህን የምጽፈው ተመልሼ ነው፤ ሐይቅና ኮምቦልቻ ተቀምጠው ያንን ጠረፍ መቼም ለማያዩት ዘመዶቼ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ለምን እንደሆነ ስታነቡ ይገባችኋል፤ ሌባም ማንበብ ይችላል።

ቅዳሜ

አሠሪዬን ጥቂት ቀን ፈቃድ ጠይቄ፣ እሱም እንደ ልማዱ አጉረምርሞ ከፈቀደ በኋላ፣ ጠዋት ከጃማ ጋር ተነሣን። ጃማ ጅግጅጋ ያደገ የሀርጌሳ ሰው ነው፤ አሮጌ ቶዮታውን ስኳርና ዱቄት እየጫነ ወደ ጠረፍ ያመላልሳል። አማርኛውን አንዳንዴ ከእኔ ይልቅ ያሳምረዋል። ምን ልያዝ ስለው «ውሃና ትዕግሥት» አለኝ። «ውሃውን እኔ ይዣለሁ፣ ወላሂ ትዕግሥቱን አንተ ነህ የምትይዘው።»

ሀርጌሳ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ማታ ጋቢ የሚያስመኝ ብርድ አላት። ከእሷ ወደ በርበራ መውረድ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ መውረድን ይመስላል፤ ልዩነቱ እንደኛ ጠመዝማዛ አለመሆኑ፣ አረንጓዴ የሚባል ነገር አለመኖሩና ሙቀቱ ባቲ ላይ አለማብቃቱ ነው። ሹራቤን መንገድ ላይ አወለቅሁ፤ ቀጥሎ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚወለቅ ነገር ስላልቀረኝ ማማረር ጀመርኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ የኛ አገር የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚያርፉበት ሻይ ቤት አለ። ወተት የበዛበት ሻይና ላሆህ በልተን ሳለ (ላሆህ የእንጀራ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ወጥ የማይችል) አንድ የደብረ ማርቆስ ልጅ የሆነ ሹፌር ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ተነሥቶ መኪናው ውስጥ ገባና አንድ ከረጢት ሽሮ ይዞ መጣ። «ይሄ የመንገድ ስንቄ ነበር» አለ። «እህትህ ሽሮ ካየች ቆይታለች። እኔ በርበራ ደርሼ ዓሣ እበላለሁ።» አይሆንም ብል «ለአንተ መች ሰጠሁ?» ብሎ ጃማ ጭን ላይ ጣለው። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ተለያየን።

በርበራ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ያደርነው የጃማ አክስት ግቢ፣ የገመድ አልጋ ላይ፣ ሰማይ ሥር። ሙቀቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ትራሱ እንኳ የሰው ገላ ይመስላል። ልተኛ ጋደም እንዳልኩ አክስትየው ድምፅ ሳያሰሙ መጡና በውሃ የተነከረ አንሶላ ላዬ ላይ ጣሉብኝ። እየጮህኩ ተነሣሁ! ስድብ መሰለኝ። ጃማ አልጋው ላይ እየተንከባለለ ሳቀ፤ ለካስ በዚህ ወቅት እንግዳ የሚከበረው እንደዚህ ነው። አንሶላው እስኪደርቅ እንደ ሕፃን ተኛሁ። ሲደርቅ ነቃሁ፤ ሴትዮዋ ሌላ እርጥብ አንሶላ እግሬ ሥር አስቀምጠውልኛል።

እሁድ

ከበርበራ ወደ ምዕራብ አስፋልት የለም። መንገድም የለም ብል ውሸት አይሆንብኝም፤ ያለው በግራ የተቃጠለ ተራራ፣ በቀኝ ባሕሩ አለ የሚሉት ነጭ ጭጋግ፣ መሀሉ አሸዋ ነው። ይህን ሜዳ ጉባን ይሉታል፤ የተቃጠለ ማለት ነው። እናንተ ዘንድ ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ እዚህ እሳት የሆነ ነፋስ ከተራራው ይለቀቃል። አሸዋውን አንሥቶ ዓይን ውስጥ፣ ሩዝ ውስጥ፣ መኝታ ውስጥ ይጨምራል። እስከ መስከረም ማለቂያ ሰውም ከብትም አይችለውም።

አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር ጃማ «ቀስ ብዬ ልለፍ» ሲል «ንዳው፣ እንድረስ» ያልኩት እኔ ነኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። መኪናዋ እስከ ሆዷ አሸዋ ውስጥ ገባች። የጎማውን አየር አስተነፈስን፣ በእጃችን ቆፈርን፤ ባሰባት። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማ ታየናለች። በመጨረሻ አንድ ግመል የሚነዳ ጎልማሳ ከየት መጣ ሳይባል መጣ። ምንም ሳይል ቁጥቋጦ ነቅሎ ጎማው ሥር ጎዘጎዘ፣ ትከሻውን ሰጠን፣ ወጣን። ከዚያ ከኮዳው የግመል ወተት አጠጣን፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ ቀዝቃዛ፣ ቆምጠጥ ያለ። ጥያቄ የጀመረው ጠጥተን ስናበቃ ነው።

«የማን ወገን ነህ?» አለኝ በሶማሊኛ።

የዘሃራ ወንድም እንደሆንኩ ነገርኩት። ፊቱ በራ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ዘሃራ ፉሬ!» አለ። ፉሬ ቁልፍ ማለት ነው። ምን ለማለት እንደሆነ ጃማን ስጠይቀው «ስትደርስ ታያለህ» ብሎ ማርሽ አስገባ።

ከሰዓት በኋላ ደረስን። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ ውሃ አይቼ የምደነግጥ ሰው አልነበርኩም። የኛ ሐይቅ ግን ማዶ አለው፤ ማዶው ላይ የሰው ማሽላ ይታያል። የበርበራውንም ባሕር ለሥራ ስሄድ ከኮንቴይነር ጀርባ ነው ያየሁት። ይሄኛው ፊት ለፊቴ ተዘርግቶ ማዶ የሚባል ነገር አጣሁለት። ሱብሃነላህ አልኩና መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ነገር ተራራው ሥር ተኝቶ ሳለ እኔ ስንት ዓመት ላሜራ ስቆርጥ ኖርኩ?

ባሕሩን ጠግቤ ሳላበቃ ከተማዋን አየኋት፤ ሌላ ድንጋጤ። ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ያረጁ የፈረሱ ሕንፃዎች፣ በመካከላቸው የእንጨትና የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንዲት ነጭ መስጊድ፤ ሰው ግን የለም። ሁሉም በር ተቆልፏል። ውሻ እንኳ የለም። ነፋሱ ብቻ አንዱን ልቅ ቆርቆሮ ያንኳኳል። ከአንድ ቤት ጥግ እህቴ አካፋ ይዛ ብቅ አለች።

«እድሬ! እድሬ ነህ?» አካፋውን ጥላ መጣች። ጉንጭ ለጉንጭ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ሰላምታችን ገና ሳያልቅ ጃማ ጭነቱን አውርዶ ጨርሶ ነበር። ከስታለች። መዳፏ እንደ ኮብል ድንጋይ ሻክሯል። የሽሮውን ከረጢት ስሰጣት አሸተተችውና ፊቷን አዞረች። በልቤ «በቃ፣ እንደ ፈራነው ነው፣ ልጅቱ አልቃለች» አልኩ።

ቤቷ ስገባ ግን ግድግዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓሣ መያዣ ገመድ የተሰካ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ አንዳንድ ቅዳጅ ጨርቅ ታስሯል፤ ቢጫ፣ አበባ ያለበት፣ የተዥጎረጎረ። የየቤቱ እመቤት ስትሄድ ከቀሚሷ ቀዳ የምታስረው ነው፤ ስትመለስ ጨርቋን አይታ ትለየዋለች። የከተማዋ ቤት ሁሉ ቁልፍ እህቴ ቤት ነው። ሰው በሙሉ ነፋሱን ሸሽቶ ኦጎ ወደሚሉት ደጋ ይወጣል፤ እሷ ትቀራለች። ክረምቱን ሙሉ ከየበሩ ላይ አሸዋ ትዝቃለች፤ ካልተዛቀ ቤቱ ይቀበራል። «ሥራ አለብኝ» ትለን የነበረው ይህ ኖሯል።

እኔ በር ሠሪ ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ፣ ለሀርጌሳ ሰው ሦስት መቀርቀሪያ ያለው በር እየሠራሁ የምበላ ሰው ነኝ። እነዚያን ጓጉንቸሮች ዞሬ አየኋቸው፤ ዝገዋል፣ በድንጋይ አንዴ ብትመቷቸው ይወድቃሉ።

ሰኞ

ጃማ ጭነቱን ሊያከፋፍል ወደ ቀጣዩ መንደር ሄደ፤ ማክሰኞ ማታ ሊመለስ። ጠዋት የመጀመሪያው ተመላሽ መጣ፤ ሐጂ ዋርሰሜ፣ የመስጊዱ ኢማም። ቤተሰባቸውን ተራራው ሥር ትተው በእግራቸው ቀድመው ነው የደረሱት። እህቴ ደጇ ላይ ቆማ ቁልፉን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ብቻቸውን ሄደው፣ ብቻቸውን በሩን ሲታገሉ አየሁና በኀፍረት ሞትኩ።

«እቴቴ፣ ምነው? ሽማግሌ ሰው! ሮጠሽ አትከፍችላቸውም?»

«እዚህ እንዲህ ነው የሚደረገው» አለች ዓሣውን እየፈቀፈቀች። ሌላም አላለች። ተወልዳና ተምራ ያደገችበትን የወሎን ወግ ረስታለች ብዬ ታዘብኳት።

ከሰዓት ሐጂ ፍርስራሹን አስጎበኙኝ። «ይህ የሕንድ ነጋዴ መጋዘን ነበር» ይላሉ በበትራቸው እያመለከቱ። «ይህ የየመን ሰው ቤት። ከናንተ አገር፣ ከሐረር፣ ቡናና ቆዳ የጫነ ግመል እዚህ ነበር የሚያራግፈው። ከማዶ ከዓደን መርከብ ይመጣል፤ በግ፣ ቅቤ፣ ሙጫ ይጭናል። አያቴ ትንሽ ልጅ ሆኖ ከግመል ብዛት ባሕሩ አይታየኝም ነበር ይል ነበር። ከዚያ ትልቁ ወደብ በርበራ ሆነ፤ መርከቡ ሄደ፣ ነጋዴው ሄደ፣ እኛ ቀረን።»

«ያኔም በክረምት ትወጡ ነበር?»

«ያኔም። እንግሊዝ እያለም። ነፋሱ ለመንግሥት አይታዘዝም።»

አገር የጎበኘ ሰው መጠየቅ ያለበትን ጠየቅሁ። «አሁን የወረዳው ሕዝብ ስንት ነው?»

ሐጂ ቆም ብለው አዩኝ። «መቼ?»

«እንዴት መቼ? ሕዝቡ ነዋ።»

«በበጋ ከሆነ አላህ ይቁጠረው፤ የባሕሩ ዳር ጀልባ፣ ሜዳው ፍየል፣ መስጊዱ ሰው አይችልም። በክረምት ከሆነ» አሉና አገጫቸውን ወደ ቤቷ ቀሰሩ፣ «አንድ ነው። እህትህ።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ትናንት «ልጅቱ አልቃለች» ያልኩባት እህቴ፣ ክረምቱን ሙሉ የአንድ አገር ሕዝብ ሆና የምትኖር ሴት ናት። ይህን ሳስብ ከባሕሩ ይልቅ እሷ አስደነገጠችኝ።

ማክሰኞ

የእናቴን ነገር እስካሁን ይዤ የቆየሁት ፈርቼ ነው። ቁርስ ላይ፣ በደብረ ማርቆሱ ልጅ ሽሮ ፊት፣ ነገርኳት። እጇ ትሪው ላይ ቀረ። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ «ሰው ሁሉ ቁልፉን ሲወስድ እሄዳለሁ» አለች።

«መቼ ነው ሁሉም የሚወስደው?»

«እንደ ነፋሱ ነው። ሳምንትም፣ ወርም ይሆናል።»

ያኔ ተቆጣሁ። «የእማዬ ዓይን ወር ይጠብቃል? ለዛገ ጓጉንቸር ብለሽ ነው እናትሽን...» አልጨረስኩትም፤ አስተያየቷ አስቆመኝ።

«ስማኝ እድሬ» አለች። «ባሌ የሞተ ጊዜ አገርሽ ግቢ የሚሉኝ መስሎኝ ጓዜን ሸክፌ ተቀመጥኩ። ደጋ የሚወስደኝ ዘመድ የለኝ፣ ግመል የለኝ። ነፋሱ ተነሣ፣ ሰው መጫን ጀመረ። አንዷ መጣች፣ ቁልፏን መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ቀጥላ ሌላዋ መጣች። እስከ ማታ ተሰልፈው መጡ። አንዳቸውም ምንም አላሉኝም። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ትል የለም እማዬ? እሷ ያስተማረችኝን ነው የማደርገው።»

ነገሩን የፈቱት ሐጂ ናቸው። ልቅሶዋን ሰምተው መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዘሃራ ነገሩን ስታስረዳቸው «የአንድ እናት ልጆች ናችሁ» አሉ። «እሱ ቢይዘው ቁልፉ ከቤታችሁ አልወጣም። አንቺ ሂጂ። ልጁ ይቀመጥ።»

ልጁ ማለት እኔ ነኝ። ልወስዳት መጥቼ ተቀምጬ ቀረሁ!

ረቡዕ

ጃማ ሞተሩን አሙቆ ይጠብቃታል። ከዚህ በርበራ፣ ሀርጌሳ፣ ዋጃሌ፣ ጅግጅጋ፣ ድሬዳዋ፣ እያለች ሐይቅ ትደርሳለች። ቤቶቹን አዙራ አሳየችኝ፤ ይህ የእገሌ፣ ይህ የእገሊት፣ ጨርቁም ይህ። «ከእጅህ ወደ እጃቸው» አለችኝ። «ሌላ አይጠበቅብህም። አደራ እድሬ፣ ሌላ ምንም አትጨምር።» መኪናው ሲሄድ ወደ ኋላ ዞራ የምታየው እኔን መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩ፤ የምታየው ግን ቤቶቹን ነበር።

ለአሠሪዬ ልደውል ኔትወርክ ያለበት የድሮው መጋዘን ፍርስራሽ ላይ ወጣሁ። ቁልፍ ይዤ ቀረሁ ስለው መጠጥ ጀመርክ ወይ አለኝ።

ሐሙስ እና ዓርብ

ተራራው ሥር አቧራ ታየ፤ ቀርቦ ግመል ሆነ። የታጠፈ የጎጆ እንጨት እንደ ቀስት በሁለት ጎኑ የጫነ፣ ምንጣፉ፣ ምጣዱ፣ ሕፃኑ፣ በላዩም የፀሐይ መብራት ሰሌዳ የተጋደመበት ግመል። ከኋላው ፍየል፣ ከፍየሉ ኋላ ሴቶች፣ ስልካቸው ዘፈን እየዘፈነ። ባቲ ገበያ ከአፋር የሚወጣውን ግመል እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ያ ግን ገበያ ሄዶ የሚመለስ ነው። ይሄ አንድ አገር ነው ተጭኖ የሚሄድ፣ ተጭኖ የሚመለስ። ቆሜ አየሁ፣ አየሁ፣ አልጠገብኩም።

ሴቶቹ ደጄ መጥተው ጨርቃቸውን ይፈልጋሉ። «ዘሃራስ?» ይላሉ። እናቷ ዘንድ መሄዷን ስነግራቸው ዱዓ ያደርጋሉ፤ የማያውቁኝን ሰው አንዳቸውም በጥርጣሬ አላዩኝም። ማታ ማታ ከየቤቱ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ወተት ይመጣልኛል። የሚመጣልኝን ለመብላት ጾም ውዬ ማምሸት ነበረብኝ።

ቅዳሜ

እዚህ ላይ የሠራሁትን ጥፋት እጽፋለሁ፤ ሐሳቤ ደግ እንደነበር አላህ ያውቃል።

በአንድ የሚያልፍ መኪና መልእክት መጣ። ሆዳን የምትባል ሴት ከልጆቿ ጋር ዛሬ ትገባለች፤ ባሏ አብዲ በግ ሊሸጥ በሌላ መንገድ ወደ በርበራ ወርዷል። የሷ ቁልፍ ቢጫ ጨርቅ ያለበት ነው። አሰብኩ፤ አንዲት ሴት ልጆች ይዛ ከተራራ ወርዳ፣ በዚህ ሙቀት፣ በር ልትታገል? እንግዳ ሲመጣ በር ዘግቶ የሚጠብቅ ወሎዬ አለ? ቁልፉን ይዤ ሄድኩ፣ ጓጉንቸሩን ከፈትኩ፣ አሸዋውን ጠረግሁ፣ እንስራውን ሞላሁ፣ ምንጣፍ ዘረጋሁ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። እህቴ ያላሰበችውን አሰብኩ ብዬ ኮራሁ።

ሆዳን ከግመሉ ፊት ፊት እየመራች መጣች። በሩን አየች። ቆመች። የግመሉ ገመድ ከእጇ ወደቀ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብላ አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ያን የመሰለ ጩኸት ጮኸች። ልጆቹም አብረዋት። ከየቤቱ ሴቶች ሮጠው ወጡ፤ በሩን አዩ፣ እነሱም ጮኹ። እኔ መጥረጊያ ይዤ መሀላቸው እንደ ግንድ ቆምኩ።

ሐጂ ናቸው የደረሱልኝ። እጄን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ማን ሞተ?» አሉኝ በለሆሳስ።

«ማንም!»

«ታዲያ በሩን ለምን ከፈትክ?»

ለካስ በዚያ ከተማ ቁልፍ ያዥ የሰውን በር የሚከፍተው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። ባለቤቱ በመንገድ መሞቱ ሲሰማ፣ ከፍቶ ምንጣፉን ዘርግቶ ለቀስተኛ ይጠብቃል። እንስራውን ሞልቶ፣ ደጃፍ ጠርጎ። እኔ አንድም ሳላጎድል የሐዘን ቤት አሰናድቼ ነው የጠበቅኋት።

ምንም ብል ሆዳን አላመነችኝም። የአብዲ ስልክ አይነሣም፤ መንገድ ላይ ኔትወርክ የለም። ሴቶቹ ከበቧት፣ ወንዶቹ ምንጣፌ ላይ ተቀምጠው ቁርዓን ጀመሩ፤ እኔን የሚያየኝ ጠፋ። እህቴ ስንት ክረምት አሸዋ እየዛቀች ያቆመችውን ስም እኔ በአንድ ቀትር አፈረስኩት። እዚያው አሸዋ ውስጥ ብገባ በወደድኩ።

ከአሱር ሰላት በኋላ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ የመኪና ድምፅ መጣ። አብዲ፣ ስኳር ተሸክሞ፣ እያፏጨ ወረደ። ሰው ቤቱ ተሰብስቧል፣ ሚስቱ ትጮኻለች። ደንግጦ ስኳሩን ጣለ። «ማን ሞተብን?» አለ።

«አንተ ነህ» አሉት ሐጂ።

ከዚያ ሆዳን ተነሥታ በጫማዋ ትከሻውን መታችው፤ ለምን እንደሆነ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ቀጥላ ሳቀች፣ ከዚያ ከተማው ሁሉ ሳቀ፤ በሽማግሌዎች ጉንጭ ላይ እንባ እየወረደ።

እኔ አልሳቅሁም። አብዲ ወደ እኔ ሲመጣ ለዱላ ተዘጋጅቼ ነበር። ሄዶ በሩን ዘጋ፣ ጓጉንቸሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን አምጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «እስካሁን አልመጣንም» አለኝ። ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ግመሎቹን ሰብስቦ ከከተማው ወጣ፤ ከዳር እስካለው ደረቅ ወንዝ ድረስ። ዞረው እንደገና ገቡ። እኔ በእህቴ ደጃፍ ቆሜ ጠበቅሁ። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ያያል፤ አሁን ማንም አይስቅም። ሆዳን ፊቷ ገና በእንባ እንደረጠበ መጣችና እጇን ዘረጋች። ቁልፉን በሁለት እጄ ሰጠኋት። ሄዳ በሩን በራሷ ከፈተች።

በእኔ አገር ቢሆን ይቅር ተብዬ እሸኛለሁ፤ እነሱ ግን ጥፋቱ እንዳልነበረ አድርገው ቀኑን እንደገና ሠሩልኝ። ማታ የመጀመሪያው ሳህን የመጣልኝ ከሆዳን ቤት ነው።

ሰኞ

የመጨረሻውን ቁልፍ ከሰዓት ሰጠሁ። ገመዱ ባዶ ሆነ። ጀልባዎቹ ከአሸዋው ላይ እየተገፉ ወደ ባሕር ይወርዳሉ፣ ሕፃናት ውሃው ጠርዝ ላይ ይንጫጫሉ፤ ሐጂ ያሉት የበጋ ሕዝብ መጣ። መጋዘኑ ፍርስራሽ ላይ ወጥቼ ስልኬን ከፍ አድርጌ ስይዝ ጮኸ። እናቴ ናት።

«አየኋት» አለች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «ትናንት ገባች። በር ላይ ወስጄ ፀሐይ ፊት አቁሜ አየኋት። ጠቁራለች። ጥርሷ ግን ያው ነው፣ የአባትህ ጥርስ። እስክትሰለች አየኋት፣ እሷም አልሰለቸችም።»

«አልሃምዱሊላህ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«ያን የቁልፉን ነገር ነገረችኝ። አንተም የሰው ባል ገደልክ አሉ?» ሐጂ ለእህቴ ደውለው ነግረዋታል። ከበስተጀርባ ስትስቅ ሰማኋት።

«ይቅር ብለውኛል እማዬ። አሁን እንግዲህ እዚያው አንቺ ጋር ትቆይ፤ የቀረ ቁልፍ የለም።»

«አይ፣ ትመለስ» አለች። «የፈለግሁትን አይቻለሁ። ከእንግዲህ ለእኔ የሚቀረኝ ድምፅ ነው። ድምፅ ደግሞ በስልክም ይመጣል።»